ማስታወሻ ቁጥር ዘጠና አንድ

ዘጠኝ ዓመት ፈጀ መምህር ሀብተ ጽዮን፣
የአንዲት መነኩሲት ሕይወት ሲመዝን፤
የቅድስት ቴባልዳን፣
ወረርሽኝ የጣለውን፣ ወገን የሸሸውን
ስታጥብ ያደረችውን፣ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት።
እኔ አራሚው ነበርኩ፤ ፒያሳ፣ ከወርቅ ሠሪዎቹ ጀርባ፣
ደረጃው በሚያንሸራትት ማተሚያ ቤት።

የግርጌ ማስታወሻ፣ ዘጠና አንደኛው፣
ሦስት ጊዜ ያረምኩት እሱን ብቻ ነው፦
«ዕውሩ ልጅ በቀሚሷ ጫፍ ዓይኑ በራ የሚለው
ከሞተች ሁለት መቶ ዓመት ኋላ የተጨመረ ነው።»

በምረቃው ዕለት አዳራሹ ሞላ።
አንዱ፣ «ገድል ብዬ መጥቼ
የሬሳ ምርመራ ሆነብኝ» አለ።
አንዱ አጨበጨበ፣ ገና ሳይገልጠው።
ከኋላ አንድ ወጣት ካህን ተነሣ፦
«ተአምሩን አወጡት፤ እና ምን ቀረ?»
መምህር መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገው፤ ቆየ።
«ያጠበችበት እጅ» አለ፣ «እሱ ቀረ።»
ጋዜጣው ስድስት መስመር ጻፈ፤
ስሟንም አሳስቶ አለፈ።

ከዚያ ፒያሳ ፈረሰ፤ ማተሚያ ቤቱም ሄደ።
ትራፊው ቅጂ፣ ከእኔው ጋር፣
ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ላስቲክ ላይ ወረደ፣
ከስምንተኛ ክፍል ሂሳብ ጎን።

ትናንት አንዲት ሴት፣ ዓይኑ የፈዘዘ ልጅ አዝላ፣
ሽፋኑን አይታ ቆመች።
«ፊደል አልቆጠርኩም፤ ማን ናት?» አለች።
«ሕመምተኛ ታጥብ ነበር» አልኳት።
አንስታ ተሳለመችው፤
የልጇንም ዓይን፣ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን፣ አስነካችው።

ዘጠና አንድን ላነብላት ገጹን ገለጥኩ፤
መልሼ ከደንኩ።
«መቶ ሃምሳ» አልኳት።
ሰማንያ ነበራት። ተቀበልኩ።