የምስማሩ ድምፅ

ማናማ ስገባ፣ ከ«ውሃ» ከ«ዳቦ» ቀድሞ የገባኝ ቃል
«መምኑዕ» ይባላል።
በሩ መምኑዕ፣ ስልኩ መምኑዕ፣
ጀምበር ካዘቀዘቀች ሰገነቱ መምኑዕ፣
ልብስ እያሰጡ ማንጎራጎርም፣ ጎረቤት ይሰማልና፣ መምኑዕ።
ሦስት ወር በዚችው ቃል ተግባባን፤
እመቤት ኸይሪያ ምላስ፣ እኔ አንገት ሆንን።

ጾማቸው ሊገባ ሳምንት ሲቀረው
ዕቃ ቤት ላኩኝ፣ አቧራው ዘመን ያስቆጠረው።
ከተጠቀለለ ምንጣፍ ሥር፣ ከዛገ ማራገቢያ ጎን
አገኘሁ፣ ሸክላ የሞላው ካርቶን።
ጠጉራቸው ጆሯቸውን የዋጠው አራት ነጫጭ ጎረምሶች
ከሽፋኑ ላይ አፈጠጡብኝ፣ እንደ ተቀጡ ተማሪዎች፤
ግንባራቸው ላይ ቀይ ማኅተም።
የፊደሉ ነገር አይገባኝም።
ትንሹን ዐማርን ጠርቼ አሳየሁት፤
በጣቱ እየተከተለ ለቀመው፦ «መም… ኑዕ።»
ሳቄ አመለጠኝ።
«እናንተም?» አልኋቸው፤ «እኔ ብቻዬን መስሎኝ!
ስድሳ ዓመት ቀድማችሁኝ እዚህ ቤት ገብታችኋል፤
በወጉ ሰላምታ ይገባችኋል።»
አንድ በአንድ ወለወልኋቸው፣ በደረቅ ጨርቅ።

ባባ መርሁን ያኔ፣ ጺሙ ገና ሳያቀመቅም፣
ሬዲዮ ጣቢያ ነበር አሉ፤ የሸክላ ቤት ቁልፍ ያዥ፣ ዝምተኛ፣ አይጠይቅም።
ደብዳቤ ይመጣል፣ የዘፈን ስም የተደረደረበት፤
እሱም መሳቢያውን ይስባል፣ ምስማር ያለበት፤
ያንን ዘፈን ብቻ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ባንድ መስመር ይጭረዋል፣
አስተዋዋቂው ቢሳሳት እንኳ መርፌው ይሰናከላል።
አንዱን፣ «እስኪነጋ አትሂጂ» ስላላት ልጅቷን፤
አንዱን፣ በሩቅ አገር ጦርነት ስለቀለደ፣ መጥፎ ቀን፤
አንዱን ደግሞ፣ ቃሉ ስላልገባቸው፣
«ያልገባን ነገር ነገር አለው» ብለው።
(በዚህስ አልፈርድም። እኔም በአማርኛ ብቻዬን ሳወራ
ኸይሪያ ሥራዋን ትታ ታዳምጣለች፣ በፍርሃት፣ በደንብ አጥርታ።)
የተጫሩት ባሕር ይጣሉ ተብሎ ነበር።
አልጣለም። ሰሙን ፋቀ እንጂ ወርቁን
በቀሚሱ ሥር ደብቆ ቤቱ ገባ፣ አንድ ምሽት አንድ፣ አንድ ምሽት አንድ።

አሁን የልጁ ስም ጠፍቶታል፤
ምሳውን በልቶ ምሳ ይጠይቃል።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን፣
ኤሲው እንደ አሮጌ ከባድ መኪና ሲያቃስት፣
ጣቶቹ ያልጋውን ብረት ይመታሉ፤
አንገቱ ይቃናል፣
የሃያ ዓመት ጎረምሳ ድምፅ
ጥርስ ከሌለው አፍ ይወጣል።
እንግሊዝኛ ነው መሰለኝ፤
ይዘፍናል፣ ቀጭ፤
ይዘፍናል፣ ቀጭ፤
የመንጋጋው መስሎኝ ነበር፣ የእርጅና።
በሦስተኛው ሌሊት ነቃሁ፦
የምስማሩ ነው።
በር ዘግቶ፣ ድምፅ ቀንሶ፣
ሲሰማው ሲሰማው ኖሮ
የገዛ እጁን ጭረት ከዘፈኑ ጋር ሸመደደው።

«ትርንጎ! ምንድነው?» አለች ኸይሪያ ከኮሪደር።
«ውሃ ጠምቶት ነው» አልሁ፤ እዚህ ቤት የመጀመሪያ ውሸቴ ነበር።
በሩን ገፋ አድርጌ ካልጋው ጎን ተቀመጥሁ።
ቋንቋውን አላውቅም፣ ዜማውም ያመልጠኛል፤
የተሰነጠቀበትን ቦታ ግን አውቃለሁ።
እዚያ ሲደርስ ገባሁለት፦
ቀጭ።
ዞሮ አየኝ።
የማን ልጅ እንደሆንሁ ሳይጠይቅ
ቀጠለ፤
እሱ ዘፈኑን፣ እኔ ምስማሩን።

ከበሩ ውጭ የኸይሪያ ነጠላ ጫማ
ሲሄድ አልተሰማም።
እዚሁ ቤት ነው የተወለደችው፤
የልጅነት አልጋዋ ከዚህ ግድግዳ ማዶ ነበር።
ያቺን ቃል ጠበቅኋት፣ አንገቴን አዘጋጅቼ።
ባባ መርሁን ትንፋሹን ሰብስቦ
ወደ ጭረቱ ተቃረበ፤
እኔ ዝም አልሁ፣ ፈርቼ።
ወለሉን አንድ ተረከዝ ነካው፦
ቀጭ።