ዳገታችን ነፋስ ነው

እሁድ በማለዳ የሁለቱንም ጎማ የምነፋው እኔ ነኝ፤
እህት ነኝና፣ ላንዱ ባደላ ሌላው የሚቀየመኝ።
የዬልመር ኮርሳ ጎማው ጣት ያህላል፤ ድንጋይ እስኪሆን እነፋዋለሁ፣
የዊትሰን ግን፣ ያንን ጥርሳም፣ ያንን ሆደ ሰፊ፣ በአውራ ጣቴ እፈትሸዋለሁ፤
ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ እንደ ሊጥ።
«ትንሽ ጨምሪበት» ይለኛል። እጨምራለሁ። ምን ሊለወጥ?

ፍሪስላንድ ውስጥ፣ ተራራ በሌለበት አገር፣ የተራራ ብስክሌት ገዝቶ
ዓሥራ ሁለት ዓመቱ፤ አርደን ሄዶ ነበር፣ አንድ በጋ፣ ከሚስቱ ጋር ወጥቶ።
ሚስቲቱም ሄደች፣ አርደንም ቀረ፤ አሞርዛተሩ ግን ሥራ ፈትቶ
በልሙጡ አስፋልት ቁጭ ብድግ ይላል፣ ጉድጓድ ፈልጎ አጥቶ።

ዳገት የለንም እኛ።
ያለን ነፋስ ነው። ግድቡ ላይ ሲወጡ፣ ባንድ ጎን ባሕር፣ በሌላው በግ፣
ፊት ለፊት የቆመ የማይታይ ግድግዳ፣ ደረት የሚፈልግ።
ዬልመር ይጎነበሳል፤ አገጩን ከመሪው፣ ክርኑን ከጎኑ ገጥሞ፣
በበር ስንጥቅ እንደሚገባ ደብዳቤ፣ በነፋሱ መሃል ያልፋል ተጣጥሞ።
ዊትሰ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ትከሻው እንደ ቁምሳጥን ሰፊ፣
ጎማው ዝዝዝ እያለ፣ በየመንደሩ መምጣቱን ለፋፊ።

ደንበኛ ሲጠይቀኝ መልሴ አጭር ነው፦ «ለአስፋልት ኮርሳ።
ቀላል ነው፣ ከመንገድ ጋር አይሟገትም፣ የረገጥከውን አይረሳ።
ጥርሳሙ ለጭቃ ተወልዶ አስፋልት ያገባ ነው፤
ከጭንህ የወጣው ጉልበት፣ ሙቀት ሆኖ ጎማው ውስጥ የገባ ነው።»
ለዊትሰም አንዴ «ለስላሳ ጎማ ልግጠምልህ፣ ሦስት ደቂቃ ታተርፋለህ» ብዬው ነበር፤
«ከዚያስ? በሦስቷ ደቂቃ ምን ልሠራባት?» አለኝ። ዝም አልኩ፣ መፍቻ ስደረድር።

ሃያ አራት ኪሎሜትር ነው፣ ከሱቄ ደጃፍ ሃርሊንገን፣ እስከ አባታችን መስኮት።
ዬልመር አርባ ስምንት ደቂቃ። ዊትሰ ድፍን አንድ ሰዓት።
«አሥራ ሁለት!» ይላል ዬልመር፣ እንደ ደመወዝ ቆጥሮ፤
«ብስክሌቱ ነው» ይላል ዊትሰ። «እግርህ ነው» ይላል ያ። ይኸው ነው ከድሮ።

የቦይ በር ጠባቂ ነበር አባታችን፤ መርከብ አሳልፎ ኖሯል።
አሁን ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ የሚያልፈውን ሁሉ ይቆጥራል፤
ስማችን ግን አንዳንዴ ከእጁ ሾልኮ ከቦዩ ይሰምጣል።
ቀድሞ የደረሰው ዬልመር፣ ያተረፋትን አሥራ ሁለት ደቂቃ
ላቡን እየጠረገ ይቆማታል፣ ጣቢያ ላይ እንደተረሳ ዕቃ።
አባባ አንድ ጥያቄ አለው፣ ሁልጊዜ ያው፣ ሁልጊዜ አዲስ፦
«ወንድምህስ?»
«እየመጣ ነው።»
«ለምን ጥለኸው መጣህ?»
ዬልመር ሰዓቱን ያያል። ሰዓቱ ይህን አይመልስም።

ባለፈው ወር ታዲያ መጣና «ዛሬ እንቀያየር» አለ።
ዊትሰ ሳቀ፤ እኔ ብሎን ፈትቼ ኮርቻ ለካሁ፤ ለምን ያለ የለ።
ዊትሰ ኮርሳው ላይ የሰርከስ ድብ መሰለኝ፣ መጀመሪያ፤
ግድቡ ላይ ሲደርስ ግን ከዓይኔ ጠፋ፣ በጎቹም አላገኙ መደንበሪያ።

ውጤቱን በስልክ ሰምቼ በግራሶ ጣቴ ግድግዳው ላይ ጻፍኩት፦
ዊትሰ በኮርሳ፣ ሃምሳ ሦስት። ዬልመር በጥርሳሙ፣ ሃምሳ አምስት።
ክርክሩ አለቀ ልበል? ሰባቷ የብስክሌቱ፣ አምስቷ የእግሩ፤
በልሙጥ መንገድ ጥርስ ይዞ የመሄድ ግብሩ።

ግን የነገሩኝ ሌላ ነው።
ዊትሰ ቀድሞ ደርሶ አልገባም፤ መቅደም ያልለመደ ሰው
ብስክሌት ማሰሪያው ዘንድ ቆሞ ጠበቀ፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ፣
የገዛ ጎማውን ዝዝዝታ ከሩቅ ሰምቶ «ይኼ እኔ ነኝ» እስኪል በቃሉ።

ጎን ለጎን ገቡ። አባባ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣
ጥያቄውን ፈለገ፣ አጣው፤ ወደ መስኮቱ ዞሮ ትንሽ ቆየ።
«ሁለታችሁም?» አለ። «እንግዲያስ ዛሬ ነፋስ የለም ማለት ነው።»

ነበረ። የሱቄን ታፔላ ገንጥሎ ከቦዩ የጨመረው
ያን ቀን ነው።