አታስቸግርም

ከሽመና ክፍል ወጥቼ፣ ከሌሊቱ ፈረቃ፣
ጆሮዬ ውስጥ የማሽኑ ጩኸት ገና ሳያበቃ፣
ቦርከናን ተሻግሬ በር ስከፍት በማለዳ፣
ነጅማ ተኝታለች፤ ድምፅ የላት፣ እንደ እንግዳ።
"አልነቃችም?"
"አልነቃችም" ትለኛለች ሰዓዳ።

ጡት እንደያዘች ታንቀላፋለች፣ መጥባቱ ራሱ ይደክማታል፤
በኮምቦልቻ ሙቀት እግሯ እንደ ደሴ ይቀዘቅዛል።
ጎረቤት ገብቶ አያት፣ መረቀ፣ ተደነቀ፤
"ሕፃን መኖሩን እኮ ቤቱም አላወቀ!
የኔው ሦስት ወር ሙሉ ዐይኔን አላስከደነኝም፤
ይቺስ ጨዋ ናት፣ አታስቸግርም።"
እኔም ኮራሁ። አልዋሽም።
በምሳ ሰዓት ለጓደኞቼ
"አታስቸግርም" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ቢጫነቷ ሲከርም፣ "የወፍ ነው፣ ፀሐይ ይምታት" አለን ሁሉ፤
ምላሷ ካፏ ሲተርፍ፣ "አጎቷም እንዲህ ነበር" አሉ።

በአርባ አምስተኛው ቀን፣ የክትባት መርፌ ጭኗ ላይ ሲገባ፣
የሌላው ልጅ ጩኸት ጣራ ሲነቅል፣
የኔዋ ዐይኗን ገለጥ አድርጋ ከደነች። የሲስተር ጦይባ
እጅ አየር ላይ ቀረ።
"በቀን ስንት ጊዜ ታለቅሳለች?"
ኩራቴን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤
እንደተከፈተ ቀረ።

ሐረጎን ስንወጣ ጉም የሚኒባሱን መስኮት ሞላው።
ሰዓዳ በሻሿ ጫፍ ያንገቷን እብጠት ሸፈነችው።
"በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" ሲባል
ስንቴ ስቄ ነበር፣ እሷ ባለችበት።

ደሴ። ጦሳ ራሱን አይገልጥም። ወረፋ። ደም ተቀዳ። ዘጠኝ ቀን ተጠበቀ።
ሐኪሙ በሁለት ጣት ጉሮሮዋን ነካ፤
"ጨዋነት አይደለም" አለ፤ "ታይሮይድ የምትባል እጢ አለች እዚህ ጋ፤
እሷ ናት ያልነቃችው።"
"ዘገየን?"
ወረቀቱን አየ። "ትንሽ" አለ።
ያችን "ትንሽ" እስከ ዛሬ እመዝናታለሁ፤ ሚዛኑ አይቆምልኝም።

አሁን ግማሽ ክኒን አለች፣ ከምስር ክክ የምታንስ፣
በማንኪያ ጀርባ ደቅቃ በጡት ወተት የምትርስ፣
ጎህ ሲቀድ፣ ልጅቷ ሌላ ሳትቀምስ።
"እስከ መቼ?"
"ዕድሜ ልክ።"
ዕድሜ ልክን እኔ የማውቀው ከፍርድ ቤት ደጅ ነበር።

ትናንት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጮኸች፤
ፈረቃ አልነበረኝም፣ ቤት ነበርኩ፤
ሻካራ፣ የተናደደ፣ ጥርስ የሌለው ጩኸት።
ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤት በቡጢ መታ፤
"ኧረ አባብሏት!"
ሰዓዳ ልትነሣ ስትል እጇን ያዝኩት።
"ቆዪ" አልኳት፣ "ትንሽ ታስቸግር።"