እስከ ጉልበት

ሰኞ የነገረኝን ዋጋ ደላላው አብዶሽ
ሐሙስ ዕለት ሻረው፤ «ዛሬ ካልቆረጥሽ
ቅዳሜ የለም!» አለኝ፣ ጫቱን ቀንጥሶ።
ወንድሜ ደግሞ ይላል፣ «ይወርዳል ተመልሶ፣
ታገሺ።» ስንት ዓመት ልታገስ በኪራይ!

ሁለት ክፍል ቤት ነው፣ ደቻቱ አፋፍ ላይ፤
ግድግዳው ላይ፣ እስከ ጉልበቴ ድረስ፣
የጎርፍ መስመር አለ፤ አሥር ኖራ ቢለብስ
አልጠፋም። በጣቴ ተከተልኩት ዝም ብዬ።
«የድሮ ነው!» ይላል አብዶሽ።
                    ቀብዱን በመሐረብ ጠቅልዬ
ከኒሟ ጥላ ቆምኩ።

ገጣሚ ቤት ይመታል፤ እኔን ቤት መታኝ።
ከደንገጎ በኩል ዳመና ታየኝ፤
ድሬ ጠብ ሳይልባት፣ ጎርፉ ከዚያ ነው የሚመጣው።

«ቁልፉን ስጠኝ» አልኩት፣ «ዛሬን ልደርበት፤
ካነጋሁ፣
       ነገ ባልከው ዋጋ ልግዛው።»