የድስት ክዳን

በቺሊ ጠረፍ፣ ካርታ በረሳት የዓሣ አጥማጆች ሰፈር፣
የውሃ ቦቴ ነው፤ ከኮረብታው ግርጌ ማርሽ ሲቀይር
መደርደሪያው ላይ ብርጭቆ ከብርጭቆ ተጋጨ፤
የጎረቤት ውሻ ጆሮውን አነሣ፣ አዛጋ፣ ጥርሱን አፋጨ።
ኤዱቪና ግን ተነሣች።
«ተነሣች» ማለትም ያስቸግራል፤ ገና መች ነቃች!
እግሯ ነው የተነሣው፤ እሷን እንደ ጆንያ ተሸክሞ
መቶ አርባውን ደረጃ ወጣ፣ አንዱም ላይ ሳያርፍ ቆሞ።
እላይ ስትደርስ ነው ነፍሷ የደረሰችባት፤
አንድ እግሯ ባዶ፣ ጉልበቷ ቄጤማ፣ ምራቋ ደርቆባት፣
በቀኝ እጇ የድስት ክዳን።
ደግሞ ያው ክዳን!

ያን ሌሊት፣ ምድር በወንፊት ስትነፋቸው፣
ባሕሩም ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ዞሮ ሊውጣቸው፣
ሰው ሁሉ የሚሳሳለትን ይዞ ወጣ፤ ልጅ ያለው ልጁን፣
ሽማግሌው ሉዶቪኖ አኮርዲዮኑን፤
እሷ የድስት ክዳን።
ድስቱን አይደለም፤ ክዳኑን።
ሰባት ዓመት ሙሉ ሳቁባት፤ አብራቸው ሳቀች፤
ባሕሩ የወሰደባትን የባሏን ስም ግን አንዴም አልጠራች።

ከክሊኒኩ ኢስሜኒያ መጥታ ሥዕል ሣለችላት፣
በዓሣ መጠቅለያ ወረቀት ላይ፣ ጭንቅላት።
«እዚህ፣ ከጆሮሽ ወደ ውስጥ፣ ለውዝ የምታክል ዘበኛ አለች፤
ቀን አትቆጥርም፣ ዓመት አታውቅም፤ ያ ሌሊት ላይ እንደቆመች ቀረች።
ወሬው ከአእምሮሽ ደርሶ ‹ቦቴ ነው› እስኪባል፣
እሷ ደወሏን ደውላ፣ ሠራዊቱ ተነሥቷል።
ከኩላሊትሽ አናት ቆብ የመሰሉ ዕጢዎች አሉ፤
ደወሉን እንደሰሙ እሳት ወደ ደምሽ ይጥላሉ፤
ልብ ይጋልባል፣ ሆድ ሥራውን ይተዋል፣ እግር ስንቅ ይቀበላል፤
ክፉ እንዳይመስልሽ፤ አንድ ሌሊት አድኖሻል።»
እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉ የለ? ነገሩ ይኸው፤
ልዩነቱ፣ የሚደነብረው ሰውየው ሳይሆን ሥጋው ነው።

«ማስተኛ ዘዴውስ?» አለች፣ ቢላዋዋን ከዓሣው ሆድ ሳትነቅል።
«ማዘዝ አይቻልም። ማባበል።
ከአንገትሽ እስከ ሆድሽ የሚንከራተት ረጅም ነርቭ አለ፤ ትንፋሽሽን ይሰማል፤
ከሚገባው የሚወጣው ይርዘም፤ ያኔ ልብሽን ‹ቀስ› ይለዋል።»
ሞከረች። አራት ቆጥራ አስገባች፣ ስምንት ቆጥራ አስወጣች፤
አንዳንድ ሌሊት ደረጃው እኩሌታ ላይ ቀረች፤
አንዳንዴም እላይ ነጋባት፣ ከነክዳኗ።

ከዚያ፣ በአንድ እሑድ ቀትር፣ እውነተኛው መጣ።
ምድር አጓራች፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ማንም ሳይነካው ጮኸ።
ኤዱቪና አልሮጠችም። እጇ እንደ ልብስ ሰፊ እጅ ረጋ፤
ጋዙን ዘጋች፤ ሁለቱንም ጫማ አሰረች፤ የጎረቤቷን ልጅ ከአልጋ
አንሥታ አዘለች፤ የሉዶቪኖን ክንድ ደግፋ
መቶ አርባ ደረጃ ቆጥራ ወጣች፣ አንድ ቁጥር ሳታጠፋ።
ዘበኛዋ ነቅታለች፤ ግን ዘንድሮ አልጮኸችባትም፤
መብራት ያዘችላት እንጂ።

ባሕሩ አሰበ፣ አሰበና ተወው።
ሁሉም ወርዶ፣ ሻይ ሲቀዳላት፣ ያኔ ነው የመጣ፤
ከጣቶቿ ጀመረ፣ ወደ ትከሻዋ ወጣ፤
ጥርሷ ተንገጫገጨ፤ ስኒው በማስቀመጫው ላይ
ልክ እንደዚያ ብርጭቆ ጮኸ።
ሊይዟት የቀረቡትን ኢስሜኒያ መለሰቻቸው፤
«ተዉዋት፤ ትንቀጥቀጥ፤ ይውጣላት» አለቻቸው።

«ክዳኑስ?» አላት ሉዶቪኖ።
«ድስቱ ላይ ነው» አለች፣ ጥርሷ እየተጋጨ፤
«ቦሎቄው እንዳይበርድ።»