የቦጉሚል ማግኔቶች

የከሰሉ ጉድጓድ ከተዘጋ ወዲያ፣
የማዕድኑ ክበብ ሆኗል መማሪያ፤
ካቶቪትሰ ዳር፣
ሃያ ሁለት ወንበር፣ አንድ ነጭ ሰሌዳ፣
ቅንድቡ የተሰፋ፣ ለማርከር እንግዳ።

ቦጉሚል ይባላል። አስራ ስድስት ዓመት
የአጥቂ ክርን፣ የአጥቂ ስድብ
ሲመክት የኖረ።
ጉልበቱ ደረጃ ሲወጣ ይንቋቋል፤
ከበሩ ሳይደርስ መምጣቱ ይታወቃል።

ድሮ ቃሉ አንድ ነበር፦ «ውጣ!»
አሁን የኮርሱ ደንብ ሌላ ነገር አመጣ፦
«አትንገር፤ ጠይቅ።»
ተከላካይ መቼ ጠይቆ ያውቃል?
ኳስ ሲመጣበት ይጠርጋል እንጂ
«ወዴት ነሽ?» አይልም።

የዛሬው ትምህርት የኋላ መስመር ነው።
ምስሉ ቡራቡሬ፣ ዝናብ የበላው፣
ሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ።
ሦስቱ ወጡ፤ ሌሼክ ቀረ።
የመስመር ዳኛው ባንዲራ አልተነሳም።
ክለቡም በዚያው ወረደ።
«አያችሁ» አለ፣ ቀዩን ማግኔት እየገፋ፣
«አንድ ሰው ከዘገየ መስመሩ ጠፋ።»
ሃያ አራት ዓመት ይህንኑ ብሏል፣
በሠርግም፣ በልቅሶ ቤትም፣
ሌሼክ ከሦስት ቤት በላይ እየኖረ።

ዩስቲና እጇን አወጣች።
የትራም ሹፌር ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ
የዘጠኝ ዓመት ልጃገረዶች ታሰለጥናለች።
«መምህር፣ እኔ የእርስዎን አፍ እያየሁ ነበር።
ጠርተውታል?»

ማሞቂያው ቱቦ ውስጥ አጉረመረመ።
ምስሉን መለሰው። ደግሞ መለሰው።
ያ ወጣት፣ ያ አንገተ ደንዳና፣
እጁን ያነሳል፣ ወደ ፊት ይሮጣል፣
አፉ ግን ግጥም እንዳለ ነው፤
የሚከፈተው ኳሷ መረቡን ከነካች በኋላ፣
ለስድብ።

ማርከሩን አነሳ፤ የሚጽፈው ጠፋው።
ቀዩን ማግኔት ከሰሌዳው ነቅሎ
መዳፉ ውስጥ ጨበጠው።
«እረፍት» አለ፣ «አስር ደቂቃ።»
ፕሮግራሙ ላይ እረፍት አልነበረም።

ተማሪዎቹ በበሩ መስታወት ያዩታል፦
ኮሪደሩ ላይ፣ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣
ሌላው እጁ ወደ ላይ ተነስቷል
መስመር እንደሚያስወጣ።
ስልኩ ይጠራል።
አፉ ተከፍቷል፤
ገና ምንም አላለም።