ክዳን

ከገበያ ስመለስ፣ ቡሬ፣ መናኸሪያው በር፣
ሞተሬ አፉን ከፍቶ፣ እንደ ተገረመ ሰው ቆሞ ነበር።
ክዳኑ የለም። ወስደውታል።
ቤንዚኑ ለሰማይ ይሸታል።

አያ ታዘብ፣ ከወንዙ ማዶ በቆሎ ሊሸጡ የመጡ፣
አዩኝ፤ ምንም አላሉም፤ ከጆንያቸው ጎን ተቀመጡ፤
አንድ ቆረቆንዳ አነሡ፣ ልኩን በአውራ ጣት ፈለጉ፣
በማጭድ ዙሪያውን ላጉ፣
ፌስታል አልብሰው ወተፉት።
"እስከ ቤትሽ ያደርስሻል" አሉኝ።
ይኸው ዘጠኝ ሳምንት አደረሰኝ።

ግን ሐምሌ ገባ። የሐምሌ ዝናብ ፌስታልም ሰውም አይፈራ፤
ውሃው ከቤንዚኑ ስር ተኛ፣ እንደ ቂም፣ ማንንም ሳይጣራ።
ፈጠም ድልድይ ላይ ሞተሬን ሁለቴ አስሎት ዝም አለ፤
የያዝኩት የከብት ክትባት፣ በረዶው ሲቀልጥ ዋለ፤
ማዶ አርባ ላም ታስረው ይጠብቃሉ፣
ባለቤቶቹ መንገድ መንገድ ያያሉ።

በቃ አልኩ። ክዳን ልግዛ።

ልየው ሱቅ ሄድኩ። ልየው፣ ድሮ ዋሸራ ቅኔ ቆጥሮ፣
ዛሬ ካንዴላና ሰንሰለት ይሸጣል፣ ቆጠራውን በብሎን ቀይሮ።
አንደኛው ክዳን ያብለጨልጫል፤ ፊቴን አየሁበት፤ ደክሞኛል።
"ቁልፍ አለው?" "የለውም።" "እንግዲያ ለሌባው መስታወት ይሆናል።"

ሁለተኛው ጥቁር፤ ቁልፍ አለው፤ ግን የራሱ ቁልፍ፣ ባዕድ፤
አንድ ለማስነሻ፣ አንድ ለታንክ፣ እንደ ዘብ ስንኳኳ ልሂድ?
ገልብጬ በከንፈሬ ነፋሁት፤ መተንፈሻ ቀዳዳ የለው።
"ይሄ ያፍነዋል፤ ታንክ አየር ካልሳበ፣ ዳገት ላይ ነው የሚገድለው።"
"በምስማር ቀዳዳ ታበጅለታለሽ።"
"በምስማር ከሆነማ ቆረቆንዳዬ ምን አለው?"

ሦስተኛውን ከመሳቢያ አወጣ፣ ከጨርቅ ውስጥ፣ ቀስ ብሎ፣
"ይሄ ኦርጅናል ነው፤ ያገለገለ ነው እንጂ፤ ዘጠኝ መቶ ብር" ብሎ።
"ቁልፉስ?"
"ጠፍቷል። ቁልፍ ሠሪ ይቀርጽልሻል።"

ጠርዙ ላይ ጭረት አለ። ጭረቱን አውቀዋለሁ።
ስማቸው ነው፣ ሟች ወንድሜ፣ አንድ ሌሊት ቁልፉ ጠፍቶበት
በሰንጢ ሊከፍት ሲታገል የጻፈበት።
ሞተሩ ያኔ የሱ ነበር፣ እኔ ከኋላ ተቀማጭ፣
ባትሪ ያዥ፣ ሳቅ አፋኝ።

ምንም አላልኩ። የሞተሬን ቁልፍ አውጥቼ ከተትኩ።
ዞረ።
ቀጭ አለ።

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ልየው ክዳኑን አየ፣ እኔን አየ፣
ከዚያ ምንም የሌለበትን መደርደሪያ አየ።
"አንች... ከልጅ ነው የገዛሁት፤ ስሙን አልጠየቅሁት፤
አራት መቶ ብር ሰጠሁት።"
ቅኔ አያርፍምና፣ ከንፈሩ ላይ ስትመጣ አየኋት፦
"ክዳኑ ከዳን" አለ፣ ሊያስቀኝ።
አልሳቅሁም። ወይም ትንሽ።
ሰሙ ደስ ይላል፤
ወርቁን ግን በዘጠኝ መቶ ብር ሊሸጥልኝ ነበር።

"እንዲያው የወጣልኝን እንኳ..." አለ፣ ድምፁ አንሶ።
ሁለት መቶ ሰጠሁት። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅ፤
ምናልባት የወንድሜን እጅ ጽሑፍ
ከዝናብ ከልሎ፣ በጨርቅ፣
ስላቆየልኝ።

ከደንኩ። ቆለፍኩ።
ቆረቆንዳው ባንኮኒው ላይ ቀርቷል፣ ቤንዚን ጠጥቶ ጠቁሮ፤
"ልጣለው?" አለኝ ልየው፣ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ።
"ተወው" አልኩ።
ከኮርቻው ስር፣ ከመፍቻው ጎን አኖርኩት።
አያ ታዘብ እስከ ቤትሽ ብለው ነበር፤
እኔ ገና መንገድ ላይ ነኝ፤
ማዶ አርባ ላም ዛሬም ታስረው ይጠብቃሉ።